አቤት የሚባልበት ደጅ

ማሃኖይ ሲቲ በአሜሪካ የፔንስልቬኒያ ግዛት፣ የድንጋይ ከሰል በሚወጣባቸው ተራሮች መካከል የተቀመጠች ትንሽ የሸለቆ ከተማ ናት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ ቴሌቪዥን የሚባለው አዲስ ነገር ትልልቆቹን ከተሞች ሲያዳርስ፣ የማሃኖይ ሰው ወሬውን ከመስማት በቀር ያገኘው አልነበረም። ጣቢያዎቹ ያሉት ፊላደልፊያ ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ ደግሞ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ ተራራ ሲያጋጥመው ዞሮ ወደ ሸለቆ አይወርድም።

በዚህ ከተቸገሩት አንዱ ጆን ዋልሰን ነበሩ። የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር አላቸው፤ ቴሌቪዥንም ለሽያጭ ደርድረዋል፤ ግን ምስል የማያሳይ ሳጥን ማን ይገዛል? በ1948 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ተራራው አናት ላይ አንቴና ተከሉ፤ ከዚያ ሽቦ እየዘረጉ እስከ መደብራቸው አወረዱት። ሽቦው ባለፈበት መንገድ ዳር የነበሩ ቤቶችም ተቀጠሉበት። ማስገቢያው 100 ዶላር፣ የወር ክፍያው 2 ዶላር ነበር። የመጀመሪያዎቹ መዝገቦቻቸው በእሳት ስለ ጠፉ የኬብል ቴሌቪዥን ቀዳሚው ማን ነው የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመት ዘልቋል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ግን በ1979 ለዋልሰን እውቅና ሰጥቷል።

በዚያው ዓመት በአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ፣ በኦሬገን ግዛት በአስቶሪያ ከተማ፣ ኤድ ፓርሰንስ የሚባሉ የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል። ሚስታቸው ቺካጎ ውስጥ በተደረገ የብሮድካስት ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ቴሌቪዥን አይተው ቤታቸው እንዲገባ ፈልገዋል። ቅርብ የሚባለው ጣቢያ ግን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲያትል ነው። ፓርሰንስ መሣሪያቸውን ይዘው ከተማዋን እየዞሩ ሞገድ ሲያስሱ ከርመው በመጨረሻ የጆን ጄከብ አስተር ሆቴል ጣሪያ ላይ አገኙት። የሲያትሉ ጣቢያ ኖቬምበር 25 ቀን 1948 ሥርጭት ሲጀምር ከሆቴሉ ጣሪያ በወረደ ሽቦ ምስል ቤታቸው ገባ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የእነርሱ መሆኑ ቀረ። ጎረቤት፣ የጎረቤት ዘመድ፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሳሎኑን ሞላው። በሰፈር አንድ ቴሌቪዥን ብቻ በነበረበት ዘመን ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ለማሰብ አይቸገርም። ባልና ሚስቱ ሽቦውን ወደ ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ፣ ቀጥሎም መንገድ አሻግረው ወደ አንድ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ቀጠሉት። ከዚያ ቤት ለቤት ሄደ።

መንግሥት ሳያስበው ይህን ንግድ አገዘው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሞገድ እንዳይጋጭ አጠናለሁ ብሎ ከ1948 መስከረም እስከ 1952 ሚያዝያ አዲስ የቴሌቪዥን ጣቢያ ፈቃድ መስጠት አቆመ። ጣቢያ ያልደረሰበት ከተማ ሁሉ ሽቦ ፈላጊ ሆነ። በ1950 በዚያው በፔንስልቬኒያ በላንስፎርድ ከተማ ሮበርት ታርልተን ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ተባብረው ኩባንያ አቋቋሙ። የማጉያ መሣሪያውን የሚያቀርበው ጄሮልድ ኤሌክትሮኒክስ ነበር፤ ባለቤቱ ሚልተን ሻፕ ኋላ የግዛቲቱ ገዥ ለመሆን በቅተዋል። በ1952 በመላ አገሪቱ 70 የኬብል መስመሮች 14,000 ደንበኞችን ያገለግሉ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ መስመሮቹ ወደ 800፣ ደንበኞቹ 850,000 ደረሱ።

በእነዚያ ዓመታት ቅሬታ ያለው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ምስሉ በረዶ እንደሚጥልበት መስኮት ቢደበዝዝ፣ ድምፁ ቢቆራረጥ፣ መደብሩ እዚያው ዋናው መንገድ ላይ ነው። ሽቦውን የዘረጋው ሰው የአንድ ከተማ ሰው ነው፤ ገበያ ይገናኛሉ፤ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ከዚያ በኋላ በመጡት ሰባ ዓመታት ዋጋው ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ ሕጉም እንደዚያው። ለተራው ደንበኛ ግን ከዋጋው ይልቅ የከበደው ነገር አቤት የሚልበት ደጅ ከዓመት ዓመት እየራቀው መሄዱ ነው።

ኬብል ከሸለቆ ከተሞች አልፎ ሲስፋፋ አንድ ተጨማሪ ባለ ጉዳይ መጣ፤ የከተማው ምክር ቤት። ሽቦ በከተማው መንገድ ላይ፣ በስልክና በመብራት ምሰሶ ላይ የሚያልፍ ነውና ኩባንያው ከከተማው ፈቃድ መውሰድ ነበረበት። ከተማውም በልዋጩ የዓመት ክፍያ ይጠይቃል፤ ዋጋ ይቆጣጠራል፤ ለነዋሪው፣ ለትምህርት ቤቱና ለምክር ቤቱ ስብሰባ የሚሆኑ ጣቢያዎች እንዲመደቡ ያስገድዳል። አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ኩባንያ ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን መዘርጋቱ ኪሳራ ስለሚመስል፣ ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ኩባንያ ብቻ ይሰጥ ነበር። ነዋሪው ሌላ አማራጭ የለውም፤ የነበረው ኃይል የመረጠው የምክር ቤት አባል ብቻ ነው።

ይህ ኃይል ምን ያህል ስስ እንደነበር በኮሎራዶ ግዛት የሚገኙት የቬይል ነዋሪዎች በ1973 አዩት። ቬይል በረዶ ላይ መንሸራተት የሚወድ ሁሉ የሚያውቃት የተራራ ከተማ ናት። የኬብሉ ባለቤት ቴሌ ኮሙኒኬሽንስ ኢንኮርፖሬትድ፣ በአጭሩ ቲሲአይ፣ ከከተማው አስተዳደር ጋር በዋጋና በውል ጉዳይ ተጋጨ። በዚያው ዓመት የኩባንያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ገና ወጣቱ ጆን ማሎን ነበሩ። አንድ ቅዳሜና እሑድ የቬይል ሰው ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ፊልም የለም፤ ዜና የለም፤ ጨዋታ የለም። በእያንዳንዱ ጣቢያ ላይ የተጻፈው የከንቲባውና የከተማው ሥራ አስኪያጅ ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ስልኩ ይጮህ ጀመር። የከተማው ሹማምንት ነዋሪውን ወክለው ሊሟገቱ የተነሡ ሰዎች ነበሩ፤ በሁለት ቀን ውስጥ የነዋሪው ቁጣ በእነርሱ ላይ ዞረ። ከተማውም ለዘብ አለ።

ኬብል እስከዚያ ድረስ የሚሸጠው የሌላውን ጣቢያ ምስል አጥርቶ ማቅረብን ነበር። ኖቬምበር 8 ቀን 1972 ግን ኤችቢኦ የተባለው አዲስ የኬብል ጣቢያ በፔንስልቬኒያዋ ዊልክስ ባሬ ለ365 ደንበኞች አንድ የሆኪ ጨዋታና አንድ ፊልም አሳየ። በሴፕቴምበር 1975 መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዚየር ማኒላ ላይ ያደረጉት የቦክስ ግጥሚያ በሳተላይት ተላልፎ ፍሎሪዳ ውስጥ ባሉ የኬብል ደንበኞች ቤት ገባ። የሳተላይቱ መንገድ ከተከፈተ በኋላ ኢኤስፒኤን በ1979፣ ሲኤንኤንና ቢኢቲ በ1980፣ ኤምቲቪ በ1981 ተከታትለው መጡ። ተራራ የማይጋርዳቸው ታላላቅ ከተሞችም አሁን ሽቦውን ፈለጉት።

ፈቃድ ለማግኘት የተደረገው ሽሚያ ብዙ ተጽፎበታል። ኩባንያዎች ከተማ ለከተማ እየዞሩ ያልተባለ ነገር የለም፤ ስቱዲዮ እንሠራለን፣ ደንበኛው እቤቱ ሆኖ መልስ የሚልክበት ሪሞት እንሰጣለን፣ ከመቶ በላይ ጣቢያ እናቀርባለን። በካሊፎርኒያዋ ሳክራሜንቶ 20,000 ዛፍ ለመትከል ቃል የገባ ኩባንያ ነበር። በአካባቢው ተሰሚነት ላላቸው ሰዎች ድርሻ በርካሽ እየሸጡ ወገን ማድረግም የተለመደ ዘዴ ሆነ፤ አሜሪካውያን ለዚህ «ኪራይ ዜጋ» የሚል ስም አወጡለት። ፈቃዱ ከተፈረመ በኋላ ግን ብዙው ቃል ኪዳን ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሚልዋኪና ዳላስን በመሰሉ ከተሞች የኬብል ኩባንያው ዋርነር አሜክስ ውሉ እንዲቀልለት ሲጠይቅ ምክር ቤቶቹ ብዙ ምርጫ አልነበራቸውም። በሳክራሜንቶ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1987 የዳኞች ሸንጎ (ጁሪ)፣ አንድ ኩባንያ ብቻ ይበቃል የተባለው ከተማው ገንዘብና ሌላ ጥቅም ለመሰብሰብ የተጠቀመበት ሰበብ ነው ሲል ፈረደ።

ኩባንያዎቹም የየራሳቸው ምሬት ነበራቸው። ከተሞች ከልክ በላይ ይጠይቁናል፤ ዋጋ አስረውብን እንዴት አዲስ ጣቢያ እናመጣለን? ይሉ ነበር። ዋሺንግተን ሰማቸው። ኦክቶበር 30 ቀን 1984 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን የፈረሙት የኬብል ሕግ ለከተሞች ከገቢ እስከ 5 በመቶ ክፍያ የመሰብሰብ መብት አጸናላቸው፤ ዋጋ የመወሰን ሥልጣናቸውን ግን ከ1986 መጨረሻ ጀምሮ በአብዛኛው ወሰደባቸው። ከቁጥጥር ነጻ ለመሆን «በቂ ውድድር» መኖሩ ያስፈልጋል ተባለ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ይህን ሲተረጉም በአንቴና የሚያዙ ሦስት ጣቢያዎች ካሉ ውድድር አለ አለ። በዚህ ሚዛን ከአገሪቱ ኬብሎች ከመቶ ዘጠና ስድስት በላይ የሚሆኑት ነጻ ወጡ። ሦስት ጣቢያ በነጻ የሚይዝ አንቴና ሠላሳ ጣቢያ ለሚያመጣ ሽቦ እንዴት ተወዳዳሪ እንደሚሆን ለተራ ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ዋጋው ወዲያው ተነሣ። የኮንግረሱ የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በ1991 ባወጣው ጥናት ከ1986 መጨረሻ እስከ 1991 ሚያዝያ ባለው ጊዜ ዝቅተኛው የወር ክፍያ በአማካይ ከ11 ዶላር ከ14 ሳንቲም ወደ 17 ዶላር ከ34 ሳንቲም ከፍ ብሏል፤ 56 በመቶ ጭማሪ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚወስደው ጥቅል ደግሞ 61 በመቶ ጨመረ። ኩባንያዎቹ ጣቢያ ጨምረናል አሉ፤ እውነት ነው፣ ጨምረዋል። ነዋሪው ግን የማያየውን ጣቢያ ጨምሩልኝ ብሎ አልጠየቀም። በጡረታ የሚኖር ሰው፣ በተራራ መካከል ያለ ገበሬ፣ ያለ ሽቦው ዜና የማያይ ሰው፣ ሒሳቡ በየዓመቱ ሲያድግ ማድረግ የሚችለው ወይ መክፈል ወይ ማስቆረጥ ነበር። ወደ ከተማው ምክር ቤት ሄዶ አቤት ቢል፣ «ሥልጣኑ ከእጃችን ወጥቷል» የሚል መልስ ይጠብቀዋል።

ከዋጋው ይልቅ ሰውን ያበሳጨው ንቀቱ ነበር ማለት ይቻላል። ስልክ ይደወላል፤ አይነሣም። ቴክኒሺያን ይመጣል ይባላል፤ ሰው ከሥራ ቀርቶ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል፤ አይመጣም። በኬንታኪ ግዛት የምትገኘው ግላስጎው ይህን ሰልችታ በ1980ዎቹ መጨረሻ በከተማው የመብራት ድርጅት በኩል የራሷን ኬብል ዘረጋች፤ ነባሩ የግል ኩባንያም ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ። እንዲህ ማድረግ የቻሉት ከተሞች ግን ጥቂት ነበሩ።

በዚህ መካከል ቲሲአይ ያልታሰበ ስሕተት ሠራ። በ1991 ኤንኮር የሚባል አዲስ የፊልም ጣቢያ ከፈተና ለደንበኞቹ ሁሉ ሳይጠየቅ ለቀቀላቸው። ለጥቂት ጊዜ በነጻ ይታያል፤ ከዚያ «አልፈልግም» ብሎ ያላስታወቀ ሁሉ ይከፍላል። ዝምታ እንደ ስምምነት ተቆጠረ። የበርካታ ግዛቶች ዋና ዐቃብያነ ሕግ ተነሡበት፤ ኩባንያው አሠራሩን ተወ። ሕግ አውጪዎቹ ግን ነገሩን አልረሱትም።

ቴነሲን የሚወክሉት ሴናተር አል ጎር በምርጫ ክልላቸው በሚደርሳቸው ምሬት ተነሥተው የኬብል ኩባንያዎችን አጥብቀው ከሚከሱት አንዱ ሆኑ። ጆን ማሎንን የስታር ዋርስ ፊልሞች ክፉ ጌታ በሆነው በዳርዝ ቬደር ስም እስከ መጥራት ደርሰዋል። አዲስ ሕግ ሲረቀቅ ኩባንያዎቹ በየወሩ ከሚልኩት ሒሳብ ጋር ማስጠንቀቂያ አያይዘው ላኩ፤ ይህ ሕግ ከወጣ ክፍያችሁ ይጨምራል የሚል። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አባት ሕጉን በድምፅ መሻሪያ ሥልጣናቸው ውድቅ አደረጉት። ኦክቶበር 5 ቀን 1992፣ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሊደረግ አንድ ወር ሲቀረው፣ ሴኔቱ 74 ለ25፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 308 ለ114 ድምፅ ሰጥተው ሕጉን አጸኑት። ቡሽ በአራት ዓመት ዘመናቸው ውድቅ ካደረጓቸው ሕጎች ኮንግረስ የመለሰው ይህን አንዱን ብቻ ነው። በጦርነት ወይም በግብር ጉዳይ ሳይሆን በቴሌቪዥን ሒሳብ ጉዳይ መሆኑ የነዋሪው ምሬት ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር ያሳያል።

ሕጉ ለአንድ ኩባንያ ብቻ ፈቃድ መስጠትን ከለከለ፤ ላልታዘዘ አገልግሎት ማስከፈልንም ከለከለ። ዝቅተኛውን ጥቅል ከተማው፣ ከፍ ያለውን ኮሚሽኑ እንዲቆጣጠር አደረገ። ከሁሉ የሚወደደው ክፍል ግን በ1993 የወጣው የደንበኛ አያያዝ መመዘኛ ነው። ስልክ በ30 ሴኮንድ ውስጥ መነሣት አለበት፤ ይህም ከመቶ ጥሪ በዘጠናው። አዲስ መስመር በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ይገባል። ምስል ሲቋረጥ ጥገናው ከ24 ሰዓት ሳያልፍ ይጀመራል። ቴክኒሺያን የሚመጣበት ሰዓት ሲነገር ከአራት ሰዓት በላይ ያልሰፋ መሆን አለበት። የነዋሪውን ሕይወት የሚያውቅ ሰው የጻፈው ይመስላል፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ከጀርባው በከንቱ ሲጠብቅ የዋለ ሰው አለ።

በዋጋው በኩል ኮሚሽኑ እስከ 10 በመቶ ቅናሽ አዘዘ። በ1993 መስከረም አዲሱ ተመን ሥራ ላይ ሲውል ግን ብዙ ደንበኞች ሒሳባቸው ጨምሮ አገኙት፤ ኩባንያዎቹ ጥቅሎቹን እንደገና ከፋፍለው አዋቅረዋቸው ነበር። በኖቬምበር አንድ የቲሲአይ የውስጥ ማስታወሻ ዋሺንግተን ፖስት እጅ ገባ። ማስታወሻውን የጻፉት ኃላፊ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች ለጥገናና ለተመሳሳይ አገልግሎት ክፍያ እንዲጨምሩ ይመክራሉ፤ ጥፋቱን በመንግሥት ላይ ማላከክ እንደሚቻልም ይናገራሉ። ቁጣው ኮሚሽኑን መልሶ አነሣሣው፤ በ1994 የካቲት ቅናሹን ወደ 17 በመቶ አሳደገው። በማግስቱ ቲሲአይ ከስልክ ኩባንያው ከቤል አትላንቲክ ጋር ሊያደርገው የነበረው ታላቅ ውህደት ፈረሰ።

ነዋሪው ያሸነፈበት ጊዜ ይህ ነው። አልቆየም።

በ1996 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ከፍ ያለው ጥቅል ከማርች 31 ቀን 1999 በኋላ ከዋጋ ቁጥጥር እንዲወጣ ወሰነ። እስከዚያም ድረስ ደንበኛው ቅጽ ሞልቶ በቀጥታ ለኮሚሽኑ አቤት ማለቱ ቀረ፤ አቤቱታው በከተማው በኩል መሄድ አለበት፤ ከተማውም ከአንድ በላይ ቅሬታ ካልደረሰው ማቅረብ አይችልም። የስልክ ኩባንያዎች ቴሌቪዥን ይሸጣሉ፣ የኬብል ኩባንያዎች ስልክ ይሸጣሉ፣ ፉክክሩ ዋጋ ያወርዳል የሚል ተስፋ ነበር። ተስፋው በጥቂቱ ተፈጸመ፤ ዋጋው ግን መንገዱን አልለቀቀም። ኮሚሽኑ ራሱ ባወጣው ስሌት ብዙ ሰው የሚወስደው ጥቅል በ1995 በአማካይ 22 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር፤ በ2013 መጀመሪያ 64 ዶላር ከ41 ሳንቲም ደርሷል። በየዓመቱ 6.1 በመቶ ማለት ነው፤ በዚያው ጊዜ የአጠቃላይ ዕቃ ዋጋ ጭማሪ 2.4 በመቶ ነበር።

የ1992ቱ ሕግ ራሱም አንድ ያልታሰበ መዘዝ አመጣ። በአንቴና በነጻ የሚታዩት ጣቢያዎች ኬብሉ እንዲያሰራጫቸው ለመፍቀድ ዋጋ መጠየቅ ቻሉ። ሜይ 1 ቀን 2000 የኬብል ኩባንያው ታይም ዋርነር የኤቢሲ ባለቤት ከሆነው ከዲዝኒ ጋር ባለመስማማቱ ኤቢሲን ከ3.5 ሚሊዮን ቤቶች አወጣው፤ በኒው ዮርክና በሎስ አንጀለስ በርካታ ቤቶች ውስጥ በጣቢያው ቦታ የቆመው ዲዝኒን የሚከስ ጽሑፍ ነበር። ቬይል በ1973 ያየችውን አሁን ታላላቆቹ ከተሞች አዩት። ከፋዩ ሰው በሁለት ዝሆኖች መካከል እንዳለ ሣር ሆነ፤ ሲታረቁም የእርቁ ወጪ በወር ሒሳቡ ላይ ይመጣል። በ2014 የኬብል ኩባንያው ኮምካስት ለዚሁ ብሎ «የብሮድካስት ክፍያ» የሚል 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም በሒሳቡ ላይ ለብቻው መጻፍ ጀመረ። ከተነገረው ዋጋ ውጭ የሚታከሉ እንዲህ ያሉ መስመሮች እየበዙ ስለ ሄዱ፣ ደንበኛው በማስታወቂያ ያየውን ዋጋና በወር መጨረሻ የሚከፍለውን ማገናኘት አቃተው።

ደጁ ደግሞ ይበልጥ ራቀ። የቴክሳስ ግዛት በ2005 የኬብል ፈቃድ ከከተሞች ወጥቶ በግዛት ደረጃ እንዲሰጥ ሕግ አወጣ፤ ካሊፎርኒያ በ2006 ተከተለ፤ ሌሎችም ቀጠሉ። ቲሲአይ በ1999 ለስልክ ኩባንያው ለኤቲ ኤንድ ቲ ተሸጦ ነበር፤ ያም የኬብል ክፍል በ2002 ወደ ኮምካስት ተላለፈ። የሠፈሩ የኬብል ቢሮ ተዘግቶ ስልኩ ወደ ሩቅ ጥሪ ማዕከል ዞረ።

በ2007 በሰሜን ቨርጂኒያ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከኮምካስት ስልክ፣ ኢንተርኔትና ቴሌቪዥን በአንድ ጥቅል አዘዙ። ሠራተኛው በቀጠሮው ቀን አልመጣም፤ ሲመጣም ሥራውን ሳይጨርስ ሄደ፤ ጭራሽ የነበራቸው ስልክ ተቋረጠ። ቢሮው ድረስ ሄደው ሥራ አስኪያጁን ለማናገር ጠየቁ። በሞቃት ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ደጅ ከጠኑ በኋላ ሰውየው ወጥቶ መሄዱ ተነገራቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ መዶሻ ይዘው ተመለሱና የቢሮውን ኮምፒውተርና ስልክ መቱ። ፍርድ ቤት 345 ዶላር ቀጣቸው። ድርጊቱ ትክክል ነው የሚል የለም፤ ይሁንና በመላ አገሪቱ እንደ ጀግና የተቆጠሩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በዚያ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ሰው ጥቂት ነው።

ይኸው የዋሺንግተን ዙሪያ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ፣ በውጭ ካሉት የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ከተሞች ከኩባንያዎች ያስገኟቸው የሕዝብ ጣቢያዎች እዚህ በአማርኛ ለሚዘጋጁ ፕሮግራሞች መተላለፊያ ሆነዋል፤ የኬብል ፈቃድ ድርድር ለስደተኛው ቤተሰብ የሚያስገኘው ነገር ካለ ይህ ነው። በ2008 ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የተቋቋመው ኢቢኤስ ደግሞ በሳተላይት ወደ ኢትዮጵያ አስተላለፈ። የኬብሉን ሰፊ ጥቅል የሚከፍል አባወራ ከሦስት መቶ ጣቢያ መካከል የእናቱን ቋንቋ የሚናገር ሲያጣ፣ ዲሽ ወይም ኢንተርኔት ማሰቡ አይገርምም።

በ2014 ክረምት አንድ የኮምካስት ደንበኛ አገልግሎቱን ለማቋረጥ ደወለ። መልስ የሰጠው ሠራተኛ ለምን እንደሚተው ደጋግሞ እየጠየቀ፣ እየተከራከረ፣ ሥራውን ሊፈጽምለት እንቢ አለ። ደንበኛው ስምንት ደቂቃ ያህሉን ቀድቶ ለሕዝብ ለቀቀው፤ ሚሊዮኖች ሰሙት፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። በዚያ ወቅት ኮምካስት ታይም ዋርነር ኬብልን በ45 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መንግሥትን ደጅ እየጠና ነበር፤ በ2015 ሚያዝያ ሐሳቡን ተወ። በ2016 ደግሞ ኮሚሽኑ ደንበኞች ያላዘዙትን ዕቃና አገልግሎት አስከፍሏል ብሎ 2.3 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። ኤንኮር በ1991 ያስነሣው ክስና የ1992ቱ ክልከላ ከሩብ ምእተ ዓመት በኋላ እዚህ ላይ ተገናኙ።

ለዝቅተኛው ጥቅል ዋጋ ግን ተቆጣጣሪ አልቀረም። በ2015 ኮሚሽኑ በሳተላይት አገልግሎት መኖር ምክንያት ውድድር በሁሉም ቦታ እንዳለ ቆጥሮ፣ የለም የሚል ከተማ ማስረጃ ያምጣ አለ። በኦክቶበር 2019 በማሳቹሴትስ 32 ማኅበረሰቦችና በሐዋይ የምትገኘው የካዋይ ደሴት የመጨረሻውን የዋጋ ቁጥጥር መብት አጡ፤ ተወዳዳሪ ሆኖ የተቆጠረው በኢንተርኔት የሚሸጥ የቴሌቪዥን ጥቅል ነበር።

ሰው በበኩሉ ፈረደ። በጁላይ 2022 አሜሪካውያን በኢንተርኔት የሚለቀቁ ፊልሞችንና ትዕይንቶችን የተመለከቱበት ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ኬብልን በለጠ፤ 34.8 ለ34.4 በመቶ። በሴፕቴምበር 2023 የኬብል ኩባንያው ቻርተርና ዲዝኒ ሲጋጩ 15 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ከአሥር ቀን በላይ ጣቢያዎቹን አጡ፤ አንዳንዶቹ ጊዜውን የኬብል ውላቸውን ለማፍረስ ተጠቀሙበት። በማርች 2024 ኮሚሽኑ ኬብልና ሳተላይት ኩባንያዎች ተጨማሪዎቹን ሁሉ ያካተተ አንድ ዋጋ በግልጽ እንዲጽፉ ደነገገ፤ ትዕዛዙ የመጣው ግን ደንበኞቹ በሚሊዮን እየቆጠሩ ከወጡ በኋላ ነው።

ከወጡት መካከል ብዙዎች ጣሪያቸው ላይ ወይም መስኮታቸው ሥር አንቴና ሰክተው ኤቢሲን፣ ኤንቢሲን፣ ሲቢኤስን በነጻ ያያሉ። አንቴናው የሚሠራው ግን ሞገዱ በሚደርስበት ሜዳ ነው። በፔንስልቬኒያ የከሰል ሸለቆዎች ተራራው ዋልሰን በተዉት ቦታ ቆሞ አለ። እዚያ ኬብሉን ያስቆረጠ ሰው ፊልሙን በኢንተርኔት ያያል፤ የኢንተርኔቱም ሒሳብ በዚያው ቤቱ ድረስ በመጣው ሽቦ ላይ ይቆጠራል።